የሙዚቃ መጽሔት ማውጫ ገጽ፦ ቃሉ ቢጠፋም ቁጥሩ ይቀራል



መጽሔት ስንገመግም ስለ ሽፋኑ ብዙ እንላለን፤ ማውጫውን ግን ገልጠን እናልፈዋለን። ዛሬ የማተኩረው በዚህ በሚታለፈው ገጽ ላይ ነው። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከብሪታንያ የሙዚቃ መጽሔቶች የተወሰዱ ናቸው፤ ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጽሐፍ ማውጫ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ወደ መጨረሻው በተራ ይወርዳል። የሙዚቃ መጽሔት ማውጫ ይህን ሥርዓት አይከተልም። ከ1986 እስከ 2020 የታተመውን «ኪው»ን የመሰለ ወርኃዊ መጽሔት ስንገልጥ፣ የመጽሔቱ ዓርማ አነስ ብሎ ተደግሞ እናገኘዋለን። ዐቢይ ጽሑፎች ከቋሚ ዓምዶች ተለይተው ይቀመጣሉ፤ የዝነኛው ሙዚቀኛ ፎቶግራፍ ሰፊውን ቦታ ይይዛል፤ የገጹ ቁጥርም ፎቶግራፉ ላይ ያርፋል። በመጽሔቱ ማብቂያ አካባቢ ያለ ጽሑፍ በማውጫው አናት ሊቀመጥ ይችላል። አንባቢው ማውጫ የሚያነብ ይመስለዋል እንጂ የሚያነበው የአዘጋጁን ፍርድ ነው፤ ማን ትልቅ፣ ማን ትንሽ እንደሆነ የተበየነው እዚህ ነው።

ለዚህ ፍርድ ግን የይግባኝ ቦታ ነበረ። «ኒው ሚዩዚካል ኤክስፕረስ» የተባለው ሳምንታዊ መጽሔት በ2000ዎቹ ከማውጫ ገጹ ጠርዝ በጠባብ ዓምድ የባንዶችን ስም በፊደል ተራ፣ ከነገጽ ቁጥራቸው ይዘረዝር ነበር። ስታዲየም የሚሞላው ባንድና ገና የመጀመሪያ ዘፈኑን ያወጣው ባንድ በእኩል ፊደል ይሰፍራሉ። የሚወደውን ባንድ የሚፈልግ ወጣት የአዘጋጁን ምርጫ ሳይጠብቅ በቀጥታ ወደ ገጹ ይሄዳል። በእኔ ሚዛን፣ ከማውጫ ገጽ ልማዶች ሁሉ ፍትሐዊው ይህ ነው፤ ከትልቁ ፎቶግራፍ ይልቅም እርሱን አከብራለሁ።

ልማዱን ደፍሮ የነካው ኔቪል ብሮዲ ነው። ኒክ ሎጋን በ1980 በመሠረተው «ዘ ፌስ» መጽሔት፣ ብሮዲ በ1980ዎቹ አጋማሽ «ማውጫ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከእትም እትም ፊደሉን እያፈራረሰ፣ በመጨረሻ ቅርጽ ብቻ እስኪሆን አደረሰው። አንባቢው መንገድ ሳተን? አልሳተም፤ ከቅርጹ ጋር የጽሑፎቹ ርእስና የገጽ ቁጥር ነበሩና። ርእሱ ከተለመደ በኋላ እንደ ዓርማ ይታወቃል እንጂ ፊደል በፊደል አይነበብም። ቁጥሩ ቢፈርስ ግን ገጹ ሥራውን ያቆማል። አሜሪካዊው ዴቪድ ካርሰን በ1990ዎቹ በ«ሬይ ገን» መጽሔት የብራያን ፌሪን ቃለ ምልልስ በምልክቶች ብቻ በተሠራ ቅርጸ ፊደል ሲያሰፍር የነካው መለያ ርእሱን ሳይሆን ጽሑፉን ነው። ሁለቱን በአንድ ስም «አፍራሽ ንድፍ» ብሎ መጥራት ልዩነታቸውን ይሸፍናል።

ተማሪዎቼ የእንግሊዝኛውን አብነት ወደ አማርኛ ሲያመጡ አንድ ችግር ይገጥማቸዋል። ፊደላችን ዐቢይና ንዑስ የሚባል ልዩነት የለውም፤ ስለዚህ ክብደቱን በመጠን፣ በቀለምና በባዶ ቦታ መፍጠር ግድ ይላል። የብራና ጸሐፊዎቻችን አርእስትንና ቅዱሳት ስሞችን በቀይ ቀለም ሲለዩ ኖረዋልና ይህኛው መፍትሔ አለው።

የሚከብደው የስም ዝርዝሩ ነው። በእኛ ልማድ ዝርዝሩ በአባት ስም ሳይሆን በራስ ስም መሄዱ አያከራክርም። ነገር ግን ሐመልማል አባተን የሚፈልግ አንባቢ «ሀ» ሥር ይሂድ ወይስ «ሐ» ሥር? ፀሐዬ ዮሐንስንስ በ«ጸ» ወይስ በ«ፀ»? አንዱ እትም በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ከጻፈ፣ ያ ፍትሐዊ ያልሁት ዓምድ ሙዚቀኛውን ይሰውረዋል። እኔ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት በአንድ ተራ ማሰባሰብን፣ የስሙን አጻጻፍ ግን ባለቤቱ እንደሚጽፈው መተውን እመርጣለሁ። የቋንቋ ትምህርት ክፍል ባልደረቦቼ በዚህ እንደማይስማሙ ከወዲሁ ነግረውኛል፤ እንግዲህ መድረኩ የእነርሱ ነው።