የጎንደር መጻሕፍትና የዙላ ሐዲድ

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከጎንደር አድባራት ሰብስበው ወደ መቅደላ አምባ ያጋዟቸውን የብራና መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አምባውን የያዘው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ካወረዳቸው በኋላ በሐራጅ ሲሸጣቸው፣ ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ ዋነኛው ገዢ ነበረ።

ያው ጦር ለስንቁ ማመላለሻ በቀይ ባሕር ዳር በምትገኘው በዙላ ጠረፍ የእንፋሎት ባቡር ሐዲድ ዘርግቶ ነበር፤ በዚያው አቅራቢያ ካፒቴን ጉድፌሎ የተባለ፣ በሙያው መሐንዲስ እንጂ የቁፋሮ ሊቅ ያልሆነ መኮንን፣ የጥንቱን የአዱሊስ ወደብ ፍርስራሽ አስቆፍሮ የጥንት ቤተ ክርስቲያን መሠረት ገለጠ። ምርምርና ምርኮ፣ የሚያሳዝነው፣ በአንድ ጓዝ ተጓዙ። ሐዲዱ ለጥቂት ወራት ብቻ አገለገለ፤ ከመጻሕፍቱ ግን 350 ያህሉ ለንደን ገቡ።