በገጽ ውስጥ ያለን ነገር በትክክል ስለ መምረጥ
(ለጀማሪዎች በመሪ የተደረገ ንግግር)



እንግዳ ወደ መሪ ስንጠራ «ከታክሲ መውረጃው ሦስተኛው በር ነው» ብንለው፣ በመካከሉ አንድ ሱቅ በተከፈተ ማግስት የሰው በር ያንኳኳል። ወረዳውንና የቤት ቁጥሩን ብንነግረው ግን ሱቁ ቢከፈትም ባይከፈትም ቁጥሩ ያው ነው። (በከተማችን በቤት ቁጥር ተመርቶ ቤት ያገኘ ሰው ጥቂት መሆኑን እናውቃለን፤ ኮምፒዩተር ግን ጎረቤት መጠየቅ አይችልም።)

ጃቫስክሪፕት መጻፍ የሚጀምሩ ጓደኞቻችን ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት በስሌቱ ሳይሆን በዚሁ ነው። ለክረምት ትምህርት የተመዘገቡ ልጆች ስም ያለበትን ገጽ እንውሰድ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ «ሰርዝ» የሚል ቁልፍ አለ። ትእዛዛችን «ሦስተኛውን መስመር ሰርዝ» የሚል ከሆነና ዛሬ ጧት አንዲት ልጅ በፊደል ተራ ከላይ ከገባች፣ ቦታውን የሚያጣው ምንም ያላጠፋ ልጅ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር የራሱ መለያ፣ ማለት «አይዲ»፣ ሊኖረው ይገባል። በአንድ ገጽ ውስጥ አንድ አይዲ ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ክላስ» የሚባለው ግን እንደ ሰፈር ስም ብዙዎች ይጋሩታል።

«ኩዌሪ ሴሌክተር» የተባለው ትእዛዝ አይዲ ሲፈልግ የሃሽ ምልክት (#)፣ ክላስ ሲፈልግ ነጥብ ይቀደምለታል። «ጌት ኤለመንት ባይ አይዲ» ግን ስሙን ብቻ ይሻል፤ ሃሽ ከታከለበት «ነል»፣ ማለት «የለም»፣ ብሎ ይመልሳል። ደግሞም ኩዌሪ ሴሌክተር ከብዙዎቹ የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ሁሉን የሚሰበስበው «ኩዌሪ ሴሌክተር ኦል» ነው። ስሙ ትክክል ሆኖ ሳለ ነል የመጣ እንደ ሆነ፣ ትእዛዙ ገጹ ተነቦ ሳያልቅ ተፈጽሞ ይሆናልና ስክሪፕቱን ወደ ገጹ መጨረሻ ማውረድ ነው።

በእኛ ቋንቋ ደግሞ የሚጨመር ችግር አለ። መስመሩን በልጁ ስም እንፈልግ ብንል፣ «ኃይሉ»፣ «ሐይሉ»፣ «ሀይሉ» ለእኛ አንድ ስም ሲሆን ለኮምፒዩተር ሦስት ነው። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ሲቀበል ለእያንዳንዱ ቅርጽ የየራሱን ቁጥር ሰጥቷልና ማሽኑ የሚያየው ቁጥሩን እንጂ ድምፁን አይደለም። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለውን የቆየ ክርክር እዚህ አንከፍትም። በዚያም ላይ በአንድ ክፍል ሁለት ኃይሉ ሊኖር ይችላል።

ስለዚህ ፍለጋው በመዝገብ ቁጥር ይሁን፤ ከመሰረዝም በፊት ስንት መስመር እንደ ተገኘ ፕሮግራሙ ይቁጠር፤ ቁጥሩ 1 ካልሆነ ምንም ሳይነካ ይቁም።