ሌባ መያዝና ሌባ መምታት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያሰማው ንግግር። በስብሰባው ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በሰሌዳው ላይ ይለጠፍ በተባለው መሠረት የቀረበ።)



በዛሬው አጀንዳ ሦስተኛ ተራ ላይ «የሰፈር ጸጥታ» ተብሎ የተጻፈው የእኔ ነው። ሊቀ መንበሩ አሥራ አምስት ደቂቃ ሰጥተውኛል። እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማርሁ አናጢ ነኝ፤ እንደ ሕግ ዐዋቂ ልናገር አልችልም። ነገር ግን ጉዳዩ የነካኝ ስለሆነ፣ እጄም ያለበት ስለሆነ፣ በቃል እንዳልሳሳት ጽፌ መጥቻለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከውሃ ቆጣሪ ነው። በ2016 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ወር ከሰፈራችን አምስት ቆጣሪ መሰረቁን ታስታውሳላችሁ። አንዱ የእኔ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጎረቤት ውሻ ሲጮኽ ተነሥቼ ስወጣ ቆጣሪው ተነቅሏል፣ ውሃው መንገዱን ሞልቶ ወደ ታች ይወርዳል። ያን ሳምንት ደግሞ ውሃ የመጣው ያን ሌሊት ብቻ ነበር! አዲስ እስኪገጠምልኝ ድረስ ባለቤቴ አሥራ ሁለት ቀን በጀሪካን ከጎረቤት ስትቀዳ ከረመች። ታዲያ ሌባው ምን ያገኛል? ናሱን ነው የሚፈልገው። ቆጣሪው ተሰባብሮ በኪሎ ይሸጣል። ለእኛ የአንድ ወር ጣጣ፣ ለእርሱ የአንድ ቀን ምሳ።

ስለዚህ ሁላችንም ተቆጥተን ነበር። ቁጣው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነበር እላለሁ። ትክክል ያልሆነው ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነው።

በዚያው ኅዳር፣ ቅዳሜ ጧት፣ አንድ ቆራሌው ጆንያውን በትከሻው አድርጎ በእኛ መንደር ሲያልፍ አንድ ሰው አስቆመው። ጆንያው ሲከፈት ከጣሳና ከጠርሙስ መካከል የናስ ዕቃ ብቅ አለ። «ሌባ!» ተባለ። ማን እንዳለ እስካሁን አልታወቀም። ልጁ ዐሥራ ስምንት ዓመት ቢሞላው ነው። «ገዝቼው ነው፤ ከዚያ ቤት ነው የገዛሁት» እያለ በእጁ ወደ አንድ በር ያመለክት ነበር። የሰማው የለም። እኔ ጩኸቱን ሰምቼ ስወጣ በእጄ የያዝሁት ጣውላ ነበር፤ በዚያው ጣውላ መታሁት። አንድ ጊዜ ነው የመታሁት። አንድ ጊዜ ማለቴ ግን ምንም አይለውጥም። ሁላችንም አንድ አንድ ጊዜ ነው የመታነው፤ ልጁን የጣለው እሱ ነው።

ያተረፉት አሁን እዚህ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት እናታችን ናቸው። ነጠላቸውን ልጁ ላይ ጥለው «በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ። ያን ጊዜ እጃችን ቆመ። ፖሊስ ደርሶ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስደው ሁለት ጥርሱ ረግፎ፣ ግራ ክንዱ ተሰብሮ ነበር። «ማን መታው?» ሲባል ከስልሳ አባወራ ያየ አንድ ሰው ጠፋ። እኔም አላየሁም አልሁ።

ልብ በሉ፤ ከጆንያው የወጣው ቆጣሪ እንኳ አልነበረም። አሮጌ የተሰበረ ቧንቧ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ቆጣሪ ተነቀለ። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ አንዲት የማኅበራችን አባል ቤቴ ድረስ መጥተው ቧንቧውን ለልጁ የሸጡለት እርሳቸው መሆናቸውን ነገሩኝ። ልጁ በእጁ ሲያመለክት በራቸው ሥር ቆመው ይሰሙ ነበር። ስማቸውን አልጠራም፤ እንዳትጠይቁኝ። ለምን አልወጡም ብዬ ስጠይቃቸው «ፈራሁ» አሉ። የፈሩት ሌባ አይደለም፤ እኛን ነው።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ስለነሳኝ አንዳንድ ነገር ማንበብና ትልልቅ ሰዎችን መጠየቅ ጀመርሁ። እናታችን የጮኹባት ቃል የድሮ ናት። በድሮ ጊዜ አንድ ሰው «በሕግ አምላክ» ሲባል የሚሮጠው ይቆማል፣ የሚመታው እጁን ይሰበስባል። መንገደኛ እንኳ ቢሆን በመንገድ ዳር ለዳኝነት ይቀመጥ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው፣ አብረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። አስቡት፤ ከሰረቀህ ሰው ጋር ነጠላህ ተቋጥሮ መሄድ! ሳይመቱት። «ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ፣ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ» የሚለው ተረት የወጣው ከዚህ ዓይነት ሕዝብ ነው።

የድሮው ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ ግን አይደለም። ሌባሻ የሚባል ነበር። ከአጼ ምኒልክ ዘመን በኋላም ይሠራበት ነበር። ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ያጠጡትና ወገቡን በመቀነት አስረው ይለቁታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፣ ይከፍላል። ይህን ስሰማ ሣቅሁ። ኋላ ግን ሣቄን ዋጥሁት። በዚያች ቅዳሜ «ሌባ» ብሎ የጮኸው ያልታወቀ ሰው ከዚያ ልጅ በምን ይለያል? እርሱ ወዳመለከተበት ሁላችን ሮጥን።

አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ደግሞ ነበር። ስርቆት ሲደርስ ያገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ነገሩ እስኪወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም፣ የቀረ መቀጫ ይከፍላል። ሌባው ካልተገኘም አገሩ አዋጥቶ የሚከፍልበት ጊዜ ነበር። ጨካኝ ነገር ነው፤ ሥራ ፈቶ ሜዳ ላይ የሚውለው ንጹሑ ሰው ነው። ግን አንድ ቁም ነገር አለበት፦ ሰው ሁሉ ቀርቦ በፊት ለፊት ያየውን ይናገራል።

ሰፈር ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ፣ ራሱ ወታደር ሲሆን ምን እንደሚመጣ ደግሞ ሽማግሌዎቻችን ያውቁታል። ቀበሌዎች የተቋቋሙት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ነው። የፍርድ ሸንጎ ነበራቸው፤ የቤት ኪራይና የጎረቤት ጠብ ሰው ሳይጉላላ እዚያው ይታይ ነበር፣ ይህ ጥሩ ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ግን እነዚያው ቀበሌዎች እስር ቤት ሆኑ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ጠቁሞ ስንት ልጅ ያለ ፍርድ ሞተ። እኔ ገና አልተወለድሁም ነበር። አባቴ ስለዚያ ጊዜ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ እቤታችን ውስጥ ማንም ሳይኖር። ከዚህ በላይ አልሄድበትም።

አሁን ወደ ዛሬው ሕግ ልምጣ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ እጅ ከፍንጅ የተገኘን ወንጀለኛ ፖሊስ ያልሆነ ሰውም ሊይዘው እንደሚችል ደንግጓል፤ የያዘው ሰው ግን ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። መያዝ ይላል፣ መምታት አይልም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ደግሞ የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል፤ እስኪፈረድበትም እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ጭራሽ በወንጀል አይጠይቅም፤ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አምስት ያለውንም እንደ ትልቅ ሰው አይቀጣም። ይህን የምለው የሱቅ ከረሜላ የወሰደን ልጅ በቀበቶ የሚገርፍ ሰው በመካከላችን ስላለ ነው፤ ራሱን ያውቃል።

የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ደግሞ አለ፣ የ1952ቱ። ብዙ ሰው ሆነው አንድ ጉዳት ቢያደርሱ በአንድነት ኃላፊ ይሆናሉ። ይኸውም «አምሳ ነን፤ ካሣው ለአምሳ ሲካፈል ለእኔ ሳንቲም ነው የሚደርሰኝ» ማለት አይቻልም ማለት ነው። ተጎጂው ሙሉውን ከአንዱ መጠየቅ ይችላል። አንዱ እኔ ልሆን እችላለሁ።

«ፖሊስ እኮ ይለቃቸዋል» ትላላችሁ። እኔም እል ነበር። በ2015 ዓ.ም. የመኪና ስፖኪዮ ሲነቅል የያዝነውን ሰው አስታውሱ። (ያ ባለመኪና የታርጋውን ቁጥር ስፖኪዮው ላይ በትልቁ አስጽፎበት ነበር፤ ሌባ ማንበብ አይፈልግም ለካ።) ያኔ ሳንመታ አስረከብን፣ አራት ሰው ለምስክርነት ቃል ሰጠ፣ አንዱ እኔ። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሲደርስ አንዱ ለቅሶ ነበረበት፤ አንዱን አለቃው አልፈቀደለትም፤ እኔ ሰበታ በር ልገጥም ሄጄ ነበር። አንዱ ብቻ ሄደ። እሱም ብቻውን ቂም ውስጥ መግባት ፈርቶ «ጀርባውን እንጂ ፊቱን አላየሁም» አለ። ሰውየው ተለቀቀ። ከዚያ ሁላችንም ጠላ ቤት ተቀምጠን «ፖሊስ ለቀቀው» አልን። በሚቀጥለው ዓመት ያን ልጅ የመታነው በዚህ ንዴት ጭምር ነው። ታዲያ የለቀቀው ማን ነው?

ሌላው ነገር መተዋወቅ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ፎርፌ ስሄድ ሦስት እናቶች መንገድ ላይ ይይዙኝ ነበር፤ ማታ ለእናቴ የሚደርሰው ወሬ ከእኔ ይቀድማል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ስንቱ ነባር ጎረቤት በኮንዶሚኒየም ዕጣና በመልሶ ማልማት ተበተነ። በቦታው ተከራይ ገባ፤ ተከራዩ ደግሞ ኪራይ ሲጨመርበት በስድስት ወሩ ይወጣል። ተከራይን መውቀሴ አይደለም። እኛ ነን ሄደን ስሙን ያልጠየቅነው፣ እድር ግባ ያላልነው። ቆራሌውም እንዲሁ ነው። ያ ልጅ በመንደራችን ሁለት ዓመት ተመላልሷል፤ ስሙን ያወቅነው ፖሊስ ሲመዘግበው ነው።

ስለሆነም ለስብሰባው የማቀርበው ይህ ነው። በየበሩ ላይ አንድ አንድ አምፖል ይብራ፤ ሜዳው አጠገብ ያሉት አራት ቤቶች አቅም ስለሌላቸው የእነርሱን ማኅበሩ ይግዛ። ለሁለቱ የሌሊት ጥበቃዎች የሚዋጣው ገንዘብ የሦስት ወር ውዝፍ አለበት፤ ዘበኛ ሳይከፈለው እንዲነቃ መጠበቅ ቀልድ ነው። ውዝፍ ያለባቸውን ዝርዝር ይዣለሁ፣ ለዛሬ አላነበውም። ቆራሌው ሲመጣ የሚሸጥለት ሰው በሩ ላይ ወጥቶ፣ ሰው እያየ ይሽጥ፤ የሻጩንና የገዢውን ስም ባለሱቁ በደብተር እንዲይዝልን ተስማምቷል። እኔ ከሁሉ በላይ የማጠብቀው ግን የምስክሩን ነገር ነው። ከእንግዲህ አንድ አባል ለምስክርነት ሲጠራ የታክሲውን ማኅበሩ ይክፈል፣ ሁለት ሰው አብሮት ይሂድ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ብቻውን አይቁም። ለቅሶ ላይ ሰው ብቻውን አንተውም፤ እዚያም እንደዚያው።

የመጨረሻው ስለ ልጁ ነው። ክንዱ ጠሟል፣ ከባድ ጆንያ አያነሣበትም። ሥራውን ግን አልተወም። ጧት ከላይ አስፋልቱ ላይ «ቆራሌው!» ሲል እሰማዋለሁ፤ ወደ እኛ መንደር መገንጠያ ሲደርስ ዝም ብሎ ያልፋል።

ሁለት ሽማግሌዎች ቤቱን ጠይቀው አግኝተዋል። ለጥርሱና ለሕክምናው የሚሆን ገንዘብ እንድናዋጣ እጠይቃለሁ። ሣጥኑ እስከ ቅዳሜ በእድሩ ዕቃ ቤት ይቀመጣል፤ ስም አይጻፍም፣ የመታም ያልመታም መጨመር ይችላል። ይህን የምናደርገው ልጁ ወደ ሕግ እንዳይሄድ አፉን ለመዝጋት አይደለም፤ ሽማግሌዎቹም ይህንኑ በግልጽ እንዲነግሩት አደራ ብያለሁ። መክሰስ መብቱ ነው። ቢከስ መጥሪያውን ተቀብዬ እቀርባለሁ፤ አላየሁም ያልሁትንም ቃሌን አስተካክላለሁ።

እኔ የበኩሌን ሦስት ሺህ ብር ትናንት ለገንዘብ ያዣችን አስረክቤአለሁ። ሽማግሌዎቹ የሚሄዱት እሑድ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ነው። እኔም አብሬአቸው እሄዳለሁ።