ጉልበት፣ አየርና ቁልቁለት፦ ትናንሽ መኪኖችን ለሐይቅና ለአምባሰል መንገድ ማሻሻል



እ.ኤ.አ. በ1976 ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይን ለገበያ ሲያቀርብ፣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ያላት ተራ የቤተሰብ መኪና 110 የፈረስ ጉልበት አገኘች። ከዚያ ወዲህ ትንሽ መኪናን ማፍጠን ራሱን የቻለ የምህንድስና ጥበብ ሆኗል። በአገራችን የዚህ ጥበብ ዕጩ ቶዮታ ቪትዝ ናት። ተማሪዎቼም «ጉልበቷን እንዴት እንጨምር?» እያሉ ይጠይቁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከሞተሩ ሳይሆን ከምንነዳበት ምድር ይጀምራል።

ሐይቅ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ 82 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ በጃፓን 70 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው የመጀመሪያዋ ቪትዝ ባለ 1 ሊትር ሞተር እዚህ 57 ገደማ ይሰጣል። የጎደለው አየር እንጂ ቤንዚን አይደለም። ማርሚታ መቁረጥ ድምፅ ይጨምራል እንጂ ይህን አየር አይመልስም። አየሩን በእርግጥ የሚመልሰው ቱርቦ ነው፤ እርሱም ከማቀዝቀዣው፣ ከፒስተኑና ከሞተሩ ኮምፒዩተር ጋር ካልተጣጣመ ሞተሩን ያጠፋዋል።

በየጋራዡ የተለመደው ሌላው «ማሻሻያ» ቴርሞስታት ማውጣት ነው። በሐይቅ ከፍታ ክፍት ውኃ በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚፈላ፣ ሞተር ይፈላብናል የሚለው ስጋት መሠረት አለው። መፍትሔው ግን ግፊት የሚይዝ የራዲያተር ክዳንና ትክክለኛ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው። ቴርሞስታቱ ሲወጣ ሞተሩ ወደ ሥራ ሙቀቱ ለመድረስ ይዘገያል፤ ኮምፒዩተሩም ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ያበዛል።

ከሁሉ የሚከብደው ቁልቁለቱ ነው። ከደሴ ወደ ሐይቅ፣ ከዚያም በውጫሌ አድርጎ ወደ መርሳ የሚወስደውን መንገድ አስቡ። አምስት ሰው ጭና 1,300 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና 100 ሜትር ከፍታ በወረደች ቁጥር ወደ 1.28 ሜጋ ጁል ኢነርጂ ትለቃለች። ይህ 4 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት ይበቃል። ቁልቁለቱ በረታ ቁጥር፣ በከባድ ማርሽ ካልተያዘች፣ የዚህ ሙቀት አብዛኛው በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። ፍጥነቷ በሰዓት ከ60 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲያድግ ደግሞ ፍሬኑ ሊያቆመው የሚገባው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ በ78 በመቶ ይጨምራል። ለኮረኮንች ተብሎ በስፔሰር ከፍ የተደረገች መኪና የክብደት ማእከሏም አብሮ ስለሚነሣ፣ በጠመዝማዛው ላይ ይበልጥ ታጋድላለች።

ስለዚህ የማሻሻያው ቅደም ተከተል እንዲገለበጥ እሟገታለሁ፦ በመጀመሪያ ፍሬንና የፍሬን ዘይት፣ ቀጥሎ ጎማና አሞርዛተር፣ ከዚያ የማቀዝቀዣው ሥርዓት፣ በመጨረሻ የሞተር ጉልበት። ጎልፍ ጂቲአይም ዝነኛ የሆነችው በሞተሯ ብቻ ሳይሆን በቀላል ክብደቷና በመሪዋ ታዛዥነት ጭምር ነው።

ይህን የምለው የወጣቶቻችንን የፈጠራ ፍላጎት ለማቀዝቀዝ አይደለም። በመንገዳችን ዳር ተማሪ ይሄዳል፤ ገበያተኛ አህያውን ይነዳል። መኪናዋን ያፈጠነ እጅ ስለሚያቆማትም ፍሬን ለእነርሱ ኃላፊነት አለበት። እያንዳንዳችሁ አንድ ፈረስ ጉልበት ከመጨመራችሁ በፊት መኪናዋ በስንት ሜትር እንደምትቆም ለክታችሁ ጻፉ። የምህንድስና መነሻው ልኬት ነውና።