ቁልፉ ማን ጋ ነው?
ስለ አልጋ ዳር አልትራሳውንድ ሥልጠና፤ በምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ ቦሩ ሜዳ የቀረበ ንግግር



ጠዋት ከደሴ ስንነሣ አውቶቡሱ ውስጥ ጨዋታው ደርቶ ነበር። ስለ ዶርም፣ ስለ ካፌ ሽሮ፣ ስለ አናቶሚ ፈተና ስንሳሳቅ መጣን። ቦሩ ሜዳ ስንደርስ ግን ሁላችንም ትንሽ ዝም አልን። ታሪክ የሚያነብ ሰው ይህን ቦታ በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ዘመን በተደረገው ጉባኤ ያውቀዋል። እኛ ሐኪሞች የምናውቀው ግን በሆስፒታሉ ነው። የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሰው በሚሸሻቸው ጊዜ በእጅ ዳስሶ የሚያክም ቤት ነበር። ቆይቶ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የያዛቸው ሰዎች፣ ቀጥሎም የኮቪድ ሕሙማን ታከሙበት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ደግሞ ይህም ሆነ የደሴው ሆስፒታል ምን እንደደረሰባቸው ለእናንተ አልነግራችሁም። ስንቶቻችሁ ባዶ ክፍል ውስጥ ገብታችሁ ሥራ እንደጀመራችሁ አውቃለሁና።

ዛሬ ስለ አንድ መሣሪያ ልናገር ነው የቆምኩት። በቅድሚያ ግን ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ።

ከተመረቅሁ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ስሙን በማልጠራው አንድ የወረዳ ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም ነበርኩ። ቅዳሜ ማታ አንድ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው ገበሬ በሰው ሸክም መጣ። ይተነፍሳል ግን አይጠግብም፤ እግሩ አብጧል፤ የአንገቱ ደም ሥር ተገትሯል፤ የደም ግፊቱ ዝቅ ብሏል። ራጅ አስነሣሁት፤ ልቡ ትልቅ ነው። «የልብ ድካም» ብዬ ጻፍኩና ላሲክስ ሰጠሁት። ግፊቱ ይበልጥ ወረደ። አልትራሳውንድ ነበረን፤ ክፍሉ ግን ተቆልፏል፤ ቁልፉ ያለው ለእረፍት ወደ ቤተሰቡ የሄደው ባለሙያ ኪስ ውስጥ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ቁልፉ በእጄ ቢሆንም ፕሮቡን የት እንደማሳርፍ አላውቅም ነበር።

ሪፈር ጻፍኩለት። ሌሊቱን የተቀበለው ሐኪም ደወለልኝ። «ልቡ አይደለም የሰፋው፤ ዙሪያውን ውኃ ከቦ አንቆታል» አለኝ። ያን ለማወቅ የፈጀበት ሁለት ደቂቃ ነው። መርፌው ተዘጋጅቶ ሳይወጋ ሰውየው አረፈ። በሳምንቱ ሚስቱ ወረቀት ልታወጣ መጣችና፣ «ዶክተር፣ ለመሆኑ ምን ነበር ያመመው?» አለችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን ከአፌ አልወጣም። በውኃ የታነቀ ልብ የሚሞላው በደም ሥር ባለው ግፊት ነው፤ ላሲክስ ደግሞ ያንኑ ግፊት ይቀንሳል። ይህን መጽሐፉ ነግሮኝ ነበር። ያላስተማረኝ ማየትን ነው።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄዬ ይኼ ነው፦ ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ላኔክ ስቴቶስኮፕን የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1816 ነው። ዛሬ ስቴቶስኮፕ በአንገቱ ያላንጠለጠለ ተማሪ አናይም። ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቹ ግላስጎው ላይ የሆድ አልትራሳውንድ ሥራቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ ዛሬ ከስልክ ጋር የሚሠራ፣ በኪስ የሚያዝ ፕሮብ አለ። በአገራችንም በጥቁር አንበሳ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2010 ከተጀመረ ወዲህ አልትራሳውንድን አልጋ ዳር የሚጠቀሙ ሐኪሞች እየወጡ ነው። ችግሩ ታማሚው ቀድሞ የሚያገኘው ስፔሻሊስቱን አለመሆኑ ነው። ከኩታበር፣ ከሐይቅ፣ ከሐረጎ ጠመዝማዛ ሥር የሚመጣውን ሰው ሌሊት የሚቀበለው ኢንተርኑና ጠቅላላ ሐኪሙ ነው።

የራዲዮሎጂ ባልደረቦቼ እዚህ ስላላችሁ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ ሥራችሁን ልንቀማ አይደለም። የእናንተ ምርመራ ሙሉ ነው። እኛ የምንፈልገው ጥቂት ጥያቄዎችን «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ መመለስ ብቻ ነው። ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም አለ? ልብ ዙሪያ ውኃ አለ? ሳንባ ዙሪያ ያለው ውኃ ነው አየር? እርግዝናው ማህፀን ውስጥ ነው? የእንግዴ ልጁ በሩን ዘግቷል? የእግሩ ደም ሥር ሲጫኑት ይከደናል ወይስ ደም ረግቶበታል? በቃ። ከዚያ ያለፈው የእናንተ ነው።

ደግሞ መሣሪያው ይዋሻል፤ ወይም እኛ ነን በእሱ የምንዋሸው። አሁን በማሠለጥንበት ቦታ አንድ ጎበዝ ልጅ በባጃጅ አደጋ የመጣ ወጣት ሆድ አይቶ «ደም የለም» አለ። በጉበትና በቀኝ ኩላሊቱ መካከል በትክክል አይቷል፤ በዚያች ደቂቃ እውነትም አልነበረም። ግን ጥቂት መቶ ሚሊ ሊትር ሳይጠራቀም በዚያ መስኮት አይታይም። ከሆድ ዕቃ ጀርባ የሚደማውንም አያሳይም። ልጁ ወጣቱን ወደ ቤት ሊሸኘው ነበር። «አብሽር፣ ከሰዓት በኋላ ድገመው» አልኩት። ሲደግመው ጥቁሩ ፈሳሽ ወጣ፤ ወጣቱም ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቶ ዳነ። ስለዚህ የምናስተምረው የመጀመሪያው ትምህርት «አላየሁም» ማለት «የለም» ማለት እንዳልሆነ ነው።

ይህ በሁለት ቀን ወርክሾፕና በሰርተፊኬት አይገኝም። የአሜሪካ የድንገተኛ ሐኪሞች ኮሌጅ ለእያንዳንዱ የምርመራ ዓይነት ከ25 እስከ 50 በሌላ ዓይን የታዩ ምርመራዎችን ይመክራል። የኛም ተማሪ እንደዚሁ ይቁጠር። እያንዳንዱን ምርመራ መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ ምስሉን ያስቀምጥ፤ ኦፕራሲዮኑ ወይም ራዲዮሎጂስቱ ምን እንዳገኘ ከጎኑ ያስፍር። የተሳሳተባት መስመር ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ታስተምረዋለች።

ከእናንተ የምለምነው ሦስት ነገር ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች መሣሪያ ልላክ ስትሉ እናመሰግናለን፤ ግን ከመሣሪያው ጋር በሳምንት አንድ ሰዓት ላኩልን። የታማሚው ስም የጠፋበትን ምስል በቴሌግራም እንልካለን፤ «ይኼን ደግመህ እይ» በሉን። መምህራኖቻችን ደግሞ አልትራሳውንድን ከአካል ምርመራ ትምህርት ጋር አብራችሁ አስጀምሩልን። ሥጋ ደዌን ስንማር ከክርን ጀርባ ያለውን ነርቭ በጣታችን እየዳሰስን መወፈሩን እንለያለን። አልትራሳውንዱም ያንኑ ነርቭ ያሳያል። እጅም ይዳስስ፣ ዓይንም ይይ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። በየሆስፒታሉ ኃላፊ የሆናችሁ ጓደኞቼ ደግሞ መሣሪያው ድንገተኛ ክፍል ይደር። ይሰበራል ብላችሁ እንደምትፈሩ አውቃለሁ። ተረካቢ ይኑረው፣ በየዲዩቲው ይፈረምበት፤ ግን አይቆለፍ።

እኔ በበኩሌ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ለማሠልጠን እዚህ ቃል ገብቼ እወርዳለሁ። ቅዳሜን የመረጥኩት ያ ሰው የመጣው ቅዳሜ ስለነበር ነው። ለሚስቱ ያልመለስኩትን ዛሬ ለእናንተ ተናግሬዋለሁ፤ ተማሪዎቻችን ግን እንዲህ ያለ ዕዳ እንዳይኖርባቸው እፈልጋለሁ።

ከምሳ በኋላ መሣሪያውን ይዤ እዚያ ጥግ አለሁ፤ የራሱን ልብ ማየት የሚፈልግ ይምጣ።