በባሕር ማዶ ያለ ጡረተኛና የቦንጋ ወገኑ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በጡረታ ዘመኑ ባሕር ማዶ የሚኖር መምህር ከቤተ ዘመዱና ከወዳጆቹ ጋር በኢንተርኔት እንዴት እንደሚገናኝ የሚመለከት ነው። ርእሱ በመጀመሪያ ሲታይ ለወጣት የኮምፒዩተር ባለሙያ እንጂ እንደ እኔ ጠመኔ ሲጨብጥ ላረጀ ሰው የሚገባ አይመስልም። ይሁን እንጂ ጠጋ ብለው ሲመለከቱት ስለ መሣሪያው የሚነገረው ጥቂት፣ ስለ ወጋችን የሚነገረው ግን ብዙ ሆኖ ይገኛል።

እንደሚታወቀው የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። በቦንጋ፣ በደካና በዙሪያው ካስተማሩት ባልደረቦቻችን መካከል አንዳንዶቹ አሜሪካ ወይም ካናዳ ያለች ልጃቸውን አራስ ሊጠይቁ፣ የልጅ ልጅም ሊጠብቁ ሄደው በዚያው ይሰነብታሉ። ስድስት ወር የተባለው ዓመት፣ ዓመት የተባለውም አምስትና ስድስት ዓመት ይሆናል። ወጣቱ ስደተኛ ዘመዱን ቢተው ሥራ ያገኛል። የአዛውንቱ ዋና ሥራ ግን ዘመዱ ነበረ፤ ይኸውም ለቅሶ መድረስ፣ የተጣላ ማስታረቅ፣ ዕድር መዋል፣ የጎረቤት ቡና መጠጣት ነው። ልጆቹ ማልደው ለሥራ ሲወጡ እርሱ ከሕፃኑና ከስልኩ ጋር ብቻውን ይቀራል።

ቀድሞ የሩቅ ሰው ድምፅ የሚሰማው በደብዳቤ ነበር። ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፣ ደብዳቤውም ቤት ድረስ ስለማይመጣ፣ ብዙ ሰው የትምህርት ቤቱን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይጠቀም ነበር። ቀጥሎ ድምፅን በካሴት ቀድቶ በመንገደኛ እጅ መላክ ተለመደ። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ቢሆንም፣ ለአብዛኛው የክፍለ ሀገር ሰው ጥቅም የሰጠው ከብዙ ዓመታት በኋላ በእጅ ስልክ አማካይነት ነው። በ2004 ዓ.ም. የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 በወጣ ጊዜ በስካይፕ መነጋገር ሊያስቀጣ ነው ተብሎ ብዙ ሰው ሠግቶ ነበር። ሥጋቱ አለፈ፤ ስካይፕ ራሱ ግን በሚያዝያ ወር 2017 ዓ.ም. ባለቤቱ ዘጋው። እርሱን ብቻ ተምረው የነበሩ አዛውንቶች እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ቴሌግራምን፣ ዋትስአፕንና ኢሞን እንደገና ሀ ብለው መጀመር ግድ ሆነባቸው። ስለዚህ የዘመዶቻችሁን የስልክ ቁጥር በደብተር ላይ በእጃችሁ ጽፋችሁ እንድታስቀምጡ አሳስባለሁ። ደብተር ባለቤቱ አይዘጋውም።

ካሴቱ ግን አልሞተም፤ የድምፅ መልእክት ሆኖ ተመልሷል። በእኛ አካባቢ ይህ ከጽሑፍ የበለጠ ጥቅም አለው። ካፊኖኖ ዛሬ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ የእኛ ትውልድ ደግሞ ጽሕፈትን የተማረው በአማርኛ ፊደል ነው። ባሕር ማዶ የተወለደው የልጅ ልጅ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም አያነብም። ሴት አያቱ ቦንጋ ሆና በካፊኖኖ የምትመርቀውን ምርቃት ግን ትርጉሙ ባይገባው እንኳ ዜማው ይገባዋል። በዝናቡ ወራት መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲደክም የቪዲዮ ጥሪ ይቆራረጣል። የድምፅ መልእክት ግን መስመሩ እስኪመለስ ይጠብቃል። በበኩሌ ከጥሪው ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

የሰዓቱንም ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። በዋሽንግተንና በቦንጋ መካከል በእነርሱ በጋ 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ልዩነት አለ። በበጋቸው እዚያ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የጮኸ ስልክ ቤቱን በሙሉ ከመኝታው ያስነሣል፤ በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚመጣ ወሬ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃልና።

ዛሬ በተለይ ላተኩርበት የምፈልገው ይህንኑ፣ መርዶን ነው።

በወጋችን መርዶ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። ሰሚው እንዳይጎዳ ወሬው ይታፈናል፤ ሽማግሌዎችና የቅርብ ወዳጆች ይመካከራሉ፤ ማለዳ ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ ሲወድቅ የሚደግፈው ሰው በቀኝና በግራው ይቆማል። ባሕር ማዶ ላለውም ሰው ወጉ ሲጠበቅ ቆይቷል። ከአገር ቤት የሚደወለው ለባለ ኀዘኑ ሳይሆን ለልጁ ወይም ለአገሩ ልጅ ነበር፤ ያም ሌሎችን አስከትሎ በሩን ያንኳኳል።

አሁን ግን ሟቹ ገና ሳይገነዝ ፎቶግራፉ ከሻማ ሥዕልና «ነፍስ ይማር» ከሚል ቃል ጋር በቴሌግራም ቡድን ላይ ይወጣል። የማውቃቸው አንዲት ጡረተኛ መምህርት የወንድማቸውን ሞት የሰሙት እንዲህ ነው። ልጆቻቸው ሥራ ላይ ነበሩ፤ ሕፃኑ በጀርባቸው ተኝቷል። ሕፃኑ እንዳይደነግጥ ብለው እሪ ማለት እንኳ ሳይችሉ እስከ ማታ ድረስ ሲያባብሉት ዋሉ። ፎቶግራፉን ያወጣው የቀድሞ ተማሪያቸው ሲሆን አክብሮቱን መግለጹ ነበር እንጂ ክፋት አላሰበም። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ በክፋት የተደረገ ቢሆን መፍትሔው ወቀሳ በሆነ ነበር።

አንዳንዶች «አዛውንቶችን ከእነዚህ ቡድኖች ማውጣት ይሻላል» ይላሉ። እኔ አልስማማም። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ፣ ባሕር ማዶ ያሉት ወገኖቻችን ወሬ በማጣት ብቻ የማይመጣውን ሁሉ በሐሳባቸው አምጥተው ተሠቃይተዋል። ዝምታም የራሱ መርዶ አለው። ስለዚህ ቡድኑ ይኑር፤ ነገር ግን ሥርዐት ይኑረው።

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የቤተሰቡ ሰው «ለሁሉም ተነግሯል» ብሎ ሳያረጋግጥ የሟች ስምም ሆነ ፎቶግራፍ በማኅበራችን አባላት እጅ ወደ የትኛውም ቡድን አይውጣ። በተጨማሪም እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ባሕር ማዶ ላለው አባል በዚያው ከተማ የሚገኝ የአንድ ዘመድ ወይም ወዳጅ ስልክ ቁጥር መዝግቦ ይያዝ፤ መርዶ ሲኖር ለእርሱ ይደወል፤ እርሱም ሰው አሰባስቦ ይሂድ። ጠበብ ያለ ሥራ ነው፤ አንድ ደብተርና አንድ ጸሐፊ ይበቃዋል።

ቀብርን በስልክ ቀርፆ ስለ ማስተላለፍም ተጠይቄአለሁ። አስከሬን ላይ ስልክ መደቀን ለእኔ አይዋጥልኝም። በሠልስቱ ዕለት ግን ድንኳኑ ጋብ ሲል ስልኩን ለባለ ኀዘኖቹ በየተራ እያቀበሉ የሩቁ ሰው «እግዜር ያጽናችሁ» እንዲል ማድረግ ለቅሶ መድረስ ነው፤ ሊቆጠርለትም ይገባል። የዕድር መዋጮውንም ዘመዱ በቴሌብር ቢከፍልለት ዕድሩ «ሰውዬው የለም» ብሎ ስሙን እንዳይሰርዝ እለምናለሁ።

ከመውረዴ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በወዳጃችሁ ስም «በስልክህ የመጣውን የቁጥር ኮድ ላክልኝ» የሚል መልእክት ቢደርሳችሁ አትላኩ፤ አካውንታችሁን ሊወስድ የሚፈልግ ሌባ ነው። የወዳጃችሁን ድምፅ በጥሪ እስክትሰሙ ድረስ ገንዘብም አትላኩ።

ስለ መርዶው ሥርዐት ያቀረብኩት ሐሳብ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ለውይይት እንዲቀርብ ክቡር ሊቀ መንበሩን እጠይቃለሁ።