ዕዳ የሌለበት ፋብሪካ ስንት ያወጣል?



በ2000ዎቹ ዓ.ም. በቱሉ ዲምቱና በቂሊንጦ ጤፍና ስንዴ ይበቅልበት በነበረው መሬት ላይ ኮንዶሚኒየም ተሠራ። ማሳውን ለቆ ከማኅበሩ የሚወጣ አርሶ አደር «ማኅበሩ ያፈራው ንብረት ስንት ያወጣል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ዕዳ የለብንም፣ መዝገቡን ተመልከት» የሚለው መልስ አይበቃውም። ዕዳ አለመኖሩ መልካም ነው፤ ዋጋን ግን አይናገርም።

ለምሳሌ ያህል፣ ቃሊቲ ላይ በ3,000,000 ብር የተገዛ የዱቄት ፋብሪካ አለ ይባል። የእርጅና ቅናሽ ከተነሳለት በኋላ መዝገቡ ላይ የቀረው 1,200,000 ብር ነው። ፋብሪካው ግን ደመወዝ፣ መብራትና ጥገና ተከፍሎ፣ ለማሽን መተኪያም ተቀምጦ፣ በዓመት 480,000 ብር ያስገባል። ገቢው በዚያው የሚቀጥል ከሆነና አባላት ከመቶ 12 የሚፈልጉ ከሆነ፣ 480,000 ለ0.12 ሲካፈል 4,000,000 ብር ይሆናል። ከመቶ 16 ከተፈለገ ወደ 3,000,000 ይወርዳል። ስለዚህ ከስሌቱ በፊት ጉባኤው በዚህ መቶኛ ላይ መስማማት አለበት፤ አብዛኛው ክርክር የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ጥሬ ገንዘቡ ይታያል። ባንክ ውስጥ 700,000 ብር ቢኖር ሁሉም አይደመርም። 400,000 ብሩ የስንዴ መግዣ ነው፤ ያለእርሱ ወፍጮው አይዞርም። 150,000 ብሩ ገና ያልተከፋፈለ የአባላት የትርፍ ድርሻ ነው፤ የባንክ ብድር ባይሆንም ዕዳ ነው። የሚደመረው ቀሪው 150,000 ብቻ ነውና ጠቅላላው 4,150,000 ብር ይሆናል። ይኸው ፋብሪካ 1,000,000 ብር የባንክ ብድር ቢኖርበት ለአባላቱ የሚተርፈው 3,150,000 ነው። ፋብሪካው ያው ፋብሪካ ነው፤ የተለወጠው ባለድርሻው ነው።

ዕጣው 2,000 ከሆነ፣ ዕዳ በሌለበት ጊዜ በአንድ ዕጣ 2,075 ብር ይደርሳል። በመዝገቡ ዋጋ ቢሰላ ግን 875 ብር ብቻ ነው። ለሚወጣ አባል የሚከፈለውን የሚወስኑት ሕጉና መተዳደሪያ ደንቡ ናቸው፤ መጠባበቂያውም እንደ ትርፍ የሚከፋፈል አይደለም። ሆኖም ጉባኤው ሲወስን ሁለቱንም ቁጥር አይቶ ቢሆን ይሻላል።

አንድ ነገር ሳይነሳ አይታለፍ። እህል የሚገዛ ዩኒየን በመኸር ወቅት ተበድሮ፣ ሸጦ፣ ከሰኔ 30 በፊት ሊከፍል ይችላል። የዚያን ቀን ሂሳብ ብቻ ያየ ሰው «ዕዳ የለም» ይላል፤ በጥር ወር የተከፈለውን ወለድ ግን አያይም። ከዓመቱ ገቢ ላይ ይህ ወለድ መቀነሱንና አለመቀነሱን የቁጥጥር ኮሚቴው የሂሳብ ሠራተኛውን ይጠይቅ፤ ያለብድር ያለውን ዋጋ ለማግኘት የሚያገለግለው ወለድ ያልተቀነሰበት ገቢ ነው።